ለቤት ኮምፒውተር የትኛው አንቲቫይረስ? ኢንተርኔት ሲኖርም፣ ሲጠፋም

«የቱን አንቲቫይረስ ልጫን?» የሚለው ጥያቄ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ይጠየቃል። ፈልጋችሁ የምታገኟቸው ንጽጽሮች ግን አብዛኞቹ የተጻፉት ለሌላ ሰው ነው። ዋይፋዩ ለማይቋረጥበት፣ በዶላር ካርድ ለሚከፍል፣ አዲስ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው። የኛ ኑሮ ሌላ ነው። ዳታ በጥቅል ይገዛል። መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይጠፋል። በ2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ለወራት ነው የጠፋው። ፍላሽ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቆመም።

ስለዚህ እኔ የማስቀድመው አንድ ጥያቄ አለ። ይሄ አንቲቫይረስ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት ምን ያህል ይጠብቀኛል? የኮምፒውተሩ አቅምና ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ቫይረሱ በየት በኩል ይገባል?

እኛ ጋ ዋናው መግቢያ ፍላሽ ነው። ተማሪው ሪሰርቹን ሊያሳትም ደሴ ፒያሳ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። ፍላሹ የስንቱ ፍላሽ ሲሰካበት የዋለ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ማታ ቤቱ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል። ወይም በፍላሹ ስም የተሰየመ አንድ ሾርትከት ብቻ ተቀምጧል። ሲጫነው ፎልደሩ በደንብ ይከፈታል፤ ምንም የተፈጠረ ነገር አይመስልም። በዚያችው ጠቅታ ግን ቫይረሱም አብሮ ተነስቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንቲቫይረሱ ቫይረሱንና ሾርትከቱን ያጠፋል። እውነተኞቹ ፋይሎች ግን ቫይረሱ እንደደበቃቸው ይቀራሉ። ፍላሹ ባዶ ይመስላል። «አንቲቫይረሱ ፋይሌን በላው» ይባላል። አንዱ መጥቶ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። እንዳታስነኩት! ፍላሹ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ክፈቱ። የተያዘው ቦታ ብዙ ከሆነ ፋይሎቹ እዚያው አሉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ሂደን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። አሁንም ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። ጽሑፎቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። የማታውቁትን ፋይል አትንኩ። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ነው።

ለማሳተም ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍላሹን ጭራሽ ቤት ተዉት። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ላኩለት። የሚወስደው ዳታ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው መግቢያ ክራክ ነው፤ ያልተከፈለበትን ፕሮግራም እንደተከፈለበት አድርጎ የሚያሠራው። የዊንዶውስ ወይም የኦፊስ አክቲቬተር ሲጫን መጀመሪያ የሚመጣው ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚል ነው። ይሄ ዘበኛውን አሰናብቶ ለማያውቁት ሰው በር እንደመክፈት ነው። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት ራንሰምዌሮች በብዛት የሚሠራጩበት አንዱ መንገድም ይሄው ክራክ ነው። የፋይሎቻችሁ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቁት ቃል ተጨምሮ፣ ፎቶውም ጽሑፉም አልከፍት ካለ እሱ ነው።

አንድ ነገር አሁኑኑ አረጋግጡ። ዊንዶውስ ያስጫናችሁት ሱቅ ከሆነ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ክፈቱ። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ከታች «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ፤ ዲፌንደር እንዳይፈትሻቸው የተባሉ ነገሮች ዝርዝር ነው። አንዳንድ ጫኝ ክራኩ እንዳይጠፋበት ብሎ ሲ ድራይቭን በሙሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይከተዋል። እንዲህ ከሆነ ጋሻው ላይ አረንጓዴ ምልክት ታያላችሁ፤ ሲ ድራይቭን ግን የሚጠብቅ የለም። አውጡት። ያልተከፈለበት ዊንዶውስ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያወጣል እንጂ ሥራ አያቆምም፤ የደኅንነት አፕዴትም ያገኛል። ለኦፊስ ቦታ ሊብረኦፊስ በነፃ አለ። ክራክ የግድ አይደለም።

በኢሜይልና በቴሌግራም የሚላኩ ፋይሎችም አሉ። የፈተና ወረቀት ወይም የሥራ ማስታወቂያ ተብሎ የመጣ ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ (.exe) ከሆነ ፕሮግራም ነው፤ አትክፈቱት።

ዲፌንደር፦ ቤታችሁ ውስጥ ያለው

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ አንቲቫይረስ አላችሁ። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ አያስቸግርም፤ አድሱኝ ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ድሮ «ምንም አያደርግም» ይባል ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ጀርመን ያለው ኤቪ ቴስት የሚባል መርማሪ ተቋም አንቲቫይረሶችን በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም እያንዳንዱን ከ6 ነጥብ ይለካል። ዲፌንደር በጥበቃ 6 ከ6 ማግኘቱ አሁን የተለመደ ነው።

ድክመቱን ግን እወቁት። ዲፌንደር በጣም የሚተማመነው ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ባለው እውቀት ነው። አዲስ ፋይል ሲያይ በኢንተርኔት ይጠይቃል። ኦስትሪያ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ኢንተርኔት ባለበትና በሌለበት ለየብቻ ሲፈትን፣ ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲቋረጥበት እነ ቢትዲፌንደርና አቫስት ካላቸው ውጤት በግልጽ ዝቅ ይላል። ይሄ ለለንደን ሰው ብዙም ለውጥ የለውም። ዳታው ላለቀበት የሐይቅ ወይም የመርሳ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ፍላሽ የሚሰካው ዳታ በሌለበት ሰዓትም ነውና።

ሌላም አለ። ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነና ኔትወርኩን «ሜተርድ» (ዳታ የሚቆጠርበት) ካደረጋችሁት፣ ዲፌንደር ራሱን ላያድስ ይችላል። ዳታ ለመቆጠብ ሜተርድ ማድረጉ ጥሩ ነው። ግን በየጥቂት ቀኑ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ ገብታችሁ «ቼክ ፎር አፕዴትስ»ን በእጃችሁ ተጫኑ።

አንድ የማይነገርለት ጥሩ ነገርም አለው። «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚል አለ። ሲገዛ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ስታበሩት የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ያለበትን ፎልደር እንዳይነካ ይከለክላል። አልፎ አልፎ ደህናውን ፕሮግራምም ያግዳል፤ ያኔ ፈቃድ መስጠት ትችላላችሁ። የልጆች ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ አብሩት።

ዊንዶውስ 10 ላላችሁ፦ ማይክሮሶፍት መደበኛውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አቁሟል። የዲፌንደር የቫይረስ መረጃ ግን እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል አሳውቋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ኮምፒውተር መቀየር የለባችሁም። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ያለው «ዲፌንደር» ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስፓይዌር (ሰላይ ፕሮግራም) ብቻ የሚከላከል ነው። ዊንዶውስ 7 ራሱ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2020 ወዲህ የደኅንነት ማስተካከያ አያገኝም፤ ክሮምም እ.ኤ.አ. በ2023 ትቶታል። ለዚያ ማሽን የቱንም አንቲቫይረስ ብትጭኑ ቀዳዳው አይደፈንም። አቅሙ ከፈቀደ ዊንዶውስ 10 አስጭኑበት፤ ካልፈቀደ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት ለመጻፍና ለማንበብ በቂ ነው።

ነፃዎቹ

ቢትዲፌንደር የሩማኒያ ነው። ነፃው ጠንካራ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ከምርጦቹ ተርታ ነው። እኔ ለቤት ተጠቃሚ ከዲፌንደር ሌላ አንድ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ጣጣው መጫኑ ላይ ነው። መጀመሪያ የምታወርዱት ፋይል ትንሽ ነው፤ ሲከፈት ግን ዋናውን ከኢንተርኔት ይስባል። መጠኑ በመቶዎች ሜጋባይት ነው። አካውንትም መክፈት ያስፈልጋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዛችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ግቢ ውስጥ ጨርሱት።

አቫስትና ኤቪጂ ሁለቱም የቼክ ናቸው። አቫስት ኤቪጂን እ.ኤ.አ. በ2016 ስለገዛው ውስጣቸው አንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል መምረጥ ድካም ነው። ጥበቃቸው ጥሩ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ጥሩ ናቸው። ግን የሚከፈልበትን ግዙ እያሉ ይጨቀጭቃሉ። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። አቫስት ጃምፕሾት በሚባል እህት ኩባንያው በኩል የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ሲሸጥ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ጃምፕሾት ተዘጋ፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ከጫናችሁት ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቨሲ» የሚለውን ገብታችሁ መረጃ ማካፈሉን ሁሉ አጥፉ።

ካስፐርስኪ የሩሲያ ነው። እኛ አገር በጣም የታወቀ ስም ነው፤ በችሎታው የሚታማ አይደለም። ነፃ ዓይነትም አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሩ እንዳይሸጥና አፕዴት እንዳይሰጥ ከልክሎታል። ምክንያቱ የሩሲያ መንግሥት ሊያዝዘው ይችላል የሚል ስጋት ነው፤ ኩባንያው ያስተባብላል። ክልከላው ኢትዮጵያን አይመለከትም። ፊልም ለሚታይበትና የቤት ሥራ ለሚሠራበት ኮምፒውተር እኔ ችግር አይታየኝም። የውጭ እርዳታ ድርጅት ሥራ ቤት ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ግን ከመጫናችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቁ።

አቪራ የጀርመን ነው፤ አሁን ከአቫስትና ከኖርተን ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ነው። ከላይ ያሉት እያሉ እሱን የምትመርጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ስማዳቭና መሰሎቹ

ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። ቀላል ነው፤ ፍላሽ ላይ ያተኩራል፤ ቫይረስ የደበቃቸውን ፋይሎች መልሶ ያወጣል። ስለዚህ የተወደደበት ምክንያት ይገባኛል። ችግሩ ብቻውን ሲጫን ነው። ላፕቶፕ ስታስጭኑ «ስማዳቭ አለው፣ አብሽር» ይባላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት ግን ከሌላ አንቲቫይረስ ጋር እንደሚሠራ ሁለተኛ መከላከያ ነው። ከዲፌንደር ጋር ካደረጋችሁት ጥሩ ረዳት ነው። በዲፌንደር ቦታ ካደረጋችሁት ግን ራሳችሁን አጋልጣችኋል።

ማልዌርባይትስም ከዚሁ ወገን ነው። ነፃው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ስትጠሩት ስካን ያደርጋል። ኮምፒውተሩ ሲያስጠረጥር ጥሩ ሁለተኛ ምስክር ነው።

ከእነዚህ ውጭ ሁለት ሙሉ አንቲቫይረስ አንድ ላይ አትጫኑ። ይጣላሉ፤ ኮምፒውተሩ ይጎተታል። ሌላ ስትጭኑ ዲፌንደር ራሱ ገለል ይላል፤ ያኛው ሲነሳ ይመለሳል።

መክፈል ያዋጣል?

ለተራ ቤት፣ አይመስለኝም። ከነፃው የሚለየው አብዛኛው ተጨማሪ ነገር፣ ቪፒኤኑም የይለፍ ቃል ማስቀመጫውም፣ ለኛ ብዙ አይጠቅምም። አንድ የተለየ ነገር ግን አለ፤ የስሎቫኪያው ኢሴት፣ ብዙ ሰው ኖድ 32 እያለ የሚያውቀው። ማሽን ላይ በጣም ቀላል ነው። 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላለው ኮምፒውተር፣ ዲፌንደር ስካን ሲጀምር ሁሉ ነገር የሚቆምበት ከሆነ፣ ገንዘቡ ከተገኘ ኢሴት ይገባዋል። ለቤት የሚሆን ነፃ አንቲቫይረስ የለውም፤ 30 ቀን መሞከር ግን ትችላላችሁ። ሞክሩትና ልዩነቱን ራሳችሁ እዩት።

ክፍያው ላይ ተጠንቀቁ። በብር ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ መግዛት ለአብዛኛው ሰው አይሆንም፤ ስለዚህ ቁልፉ ከሱቅ ይገዛል። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው እፊታችሁ ይከፈትላችሁ። ለሌላ ክፍለ ዓለም የተሸጠ ቁልፍ እዚህ እምቢ ሊል ይችላል። የሚያበቃበትን ቀን ፕሮግራሙ ላይ ራሳችሁ አንብቡ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ቴሌግራም ላይ በነፃ የሚለጠፉትን ቁልፎች ተዉአቸው። ኩባንያው ደርሶ ይዘጋቸዋል፤ እናንተም ሳታውቁት ሳይታደስ ትቀራላችሁ።

አፕዴት አልሆን ሲል

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ አፕዴት በፍላሽም ይመጣል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ሙሉ የቫይረስ መረጃ እንደ አንድ ፋይል በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል። ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዳችሁ፣ ቤት አምጥታችሁ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው። 32 ቢትና 64 ቢት ለየብቻ ስለሆነ የኮምፒውተራችሁን አስቀድማችሁ እዩ። አቫስትም እንዲህ ያለ ፋይል ያወጣል። ገጠር ላለ ቤተሰብ ኮምፒውተር፣ ከተማ ያለው ልጅ ለበዓል ሲሄድ ይዞለት የሚገባው ጥሩ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች። እሷ ስትሞት፣ መብራት በሄደ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» ይላሉ፤ አንቲቫይረሱ አፕዴት አልወርድ ይለዋል፤ ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ባትሪዋን መቀየር ቀላል ነው። አንዳንዱ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቀን በእጁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል። ለኮምፒውተሩ ይሄ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ማለት ነው፤ ችግሩ ያው ነው። ቀኑን በፈረንጆቹ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ (ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው) አድርጉት።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ቤቱ ዋይፋይ ካለው፣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ ዲፌንደር ይበቃል። ኤክስክሉዥኑን አጽዱ፣ የፎልደር ጥበቃውን አብሩ፣ ሌላ አትጨምሩ።

ዳታ አልፎ አልፎ ብቻ የምትገዙ ከሆነና ፍላሽ በየቀኑ የሚገባበት ቤት ከሆነ ቢትዲፌንደር። አንዴ ለመጫን የምታወጡት ዳታ ይክሳችኋል። አቅሙ ደካማ የሆነ አሮጌ ማሽን ከሆነ ኢሴት፤ ገንዘቡ ካልተገኘ ዲፌንደርን ስማዳቭ ጨምሩበትና ሙሉ ስካኑን ኮምፒውተሩን በማትፈልጉት ሰዓት አድርጉት።

ቤታችሁ ሥር የጽሕፈት ወይም ፊልም መጫኛ ሱቅ ካላችሁ ነገሩ የእናንተ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ በእናንተ በኩል ያልፋል። ለደንበኛ ፍላሽ አንድ ኮምፒውተር ለዩ። በየቀኑ አድሱት፤ ፍላሹ ሳይከፈት ቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ስካን ማድረግን ልማድ አድርጉት። የሒሳብና የቤተሰብ ፋይል እዚያ ማሽን ላይ አይቀመጥ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለገዛችሁ፣ ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ብዙ ቤት በዚህ መንገድ ነው ኮምፒውተር የተካው፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ከንጹህ ፋይል እንደገና አስጭኑ። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደተወበት አታውቁም። ይሄ ካልተቻለ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሱ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። መብራቱ አስተማማኝ ካልሆነ የላፕቶፑን ባትሪ ሞልታችሁ ጀምሩ።

የቱንም ብትመርጡ ለተመራቂው ልጅ ጽሑፍና ለቤተሰቡ ፎቶ ሁለተኛ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይኑር። ዲስኩ ሲገለበጥበት ብቻ ይሰካ፤ ተሰክቶ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም ይቆልፈዋል።

ጭናችሁ ስትጨርሱ መሥራቱን መሞከር ይቻላል። ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም። አንቲቫይረሶች ግን እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማምተውበታል። ከኢካር ድረ ገጽ ስታወርዱት ወዲያው ማስጠንቀቂያ መውጣት አለበት። ዝም ካለ ጥበቃው ጠፍቷል ወይም ታግዷል ማለት ነው፤ ፍላሽ ከመሰካታችሁ በፊት አስተካክሉት።